የዋልያ ቀንድ እጀታ

ይግዛው ጥሩ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ጥሩ ሰውም ነበር ማለት ይቻላል። አንዲት ቃል ብቻ ከአፉ አትወጣም፤ «አላውቅም» አይልም። መንገደኛ የማያውቀውን ሰው ቤት ቢጠይቀው እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ በእጁ ያመለክታል እንጂ አላውቅም ብሎ አይመልሰውም። ሚስቱ እየሩስ ዐመሉን ስለምታውቀው «የእኔን ባል የሚሞትበትን ቀን ብትጠይቁት ሰዓቱንም ጨምሮ ይነግራችኋል» እያለች ለጎረቤት ታወራበታለች። እሱም አብሮ ይስቃል። የሚያስቅ ነገር ይመስለው ነበር።

ፀጉር ቤቱ ደባርቅ ላይ፣ ወደ ሽሬ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ናት። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አንድ አግዳሚ፤ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ዐሥራ አራት ጥንታዊ ምላጮች የተደረደሩበት መደርደሪያ። ዛሬ ዛሬ ጎረምሳው የሚመጣው በማሽን ለመቆረጥ ነው፤ ጢሙንም የሚላጨው አንድ ጊዜ ተጠቅመው በሚጥሉት ምላጭ ነው። እነዚያ እንደ ሰንጢ ተከፍተው የሚታጠፉት፣ ስለታቸው በድንጋይና በቆዳ የሚወጣው የድሮ ምላጮች ግን ለይግዛው የሥራ ዕቃ ብቻ አልነበሩም፤ ይወዳቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሞቶ ሣጥኑ ሲከፈት ምላጭ ከተገኘበት ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ወደ እሱ ነው። ስለቱን ያወጣላቸዋል፤ የላላውን ሚስማር ያጠብቅላቸዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን እጀታው ከምን እንደተሠራ ይነግራቸዋል።

በዚህ ነገር ጉራው ባዶ አልነበረም። በወጣትነቱ ጎንደር ከተማ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ከሚባሉ፣ አሥመራ ሠርተው ከመጡ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ዐምስት ዓመት ተምሯል። እጀታ መለየትን ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አጥንት ከሆነ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ኑግ የተነሰነሰበት ይመስላል። የዝሆን ጥርስ ነጠብጣብ የለውም፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል፤ ጉንጭ ሲያስነኩትም ይቀዘቅዛል። ቀንድ በፀሐይ ሲታይ ውስጡ የማር ቀለም ያለው ጭረት አለበት፤ ሲያረጅም በስሱ ይላጣል። ችግሩ በድሮ ጊዜ ፈረንጆቹ ሦስቱንም የሚያስመስል ፕላስቲክ ማውጣታቸው ነው። ማሩንም ጭረቱንም አሳምረው ይሠሩታልና ዓይን ይታለላል። ስለዚህ መርፌ አግሎ እጀታውን በማይታየው በውስጥ በኩል ነካ ማድረግ፣ ወይም ፍል ውኃ አፍስሶበት ማሽተት ነው። ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ያ የድሮ ፕላስቲክ ግን ካምፎር ይሸታል፤ ለጉንፋን ደረት ላይ የሚቀባውን ቅባት ማለት ነው። «አፍንጫህ ሳይመሰክር አፍህ አይፍረድ» ይሉት ነበር ሃብተ ጊዮርጊስ። ይግዛው ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት አክብሮታል። አንድ ቀን ሳያከብረው ቀረ።

ቀኑ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነበር። ታገኘ የሚባል ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ታገኘ የጊች ሰው ነው። የጊች ሰው ዋልያ ከሚጠበቅበት ፓርክ ተነሥቶ ደባርቅ ሲሰፍር ከአባቱ፣ ከሚስቱ ከአበባየሁና ከአንዲት በቅሎው ጋር የመጣ፣ የቱሪስት ጓዝ እየጫነ የሚያድር ዝምተኛ ሰው። ጢሙ አንገቱን ሸፍኖታል፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለሐዘን ያሳደገው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙት ዓመታቸው ስለሆነ በዋዜማው በአባቱ ምላጭ ተላጭቶ ከሐዘን ሊወጣ ይፈልጋል። ምላጯን አባቱ በንጉሡ ዘመን አሥመራ ወታደር ሆነው ሳሉ ያመጧት ናት። ስለቷን ቢያወጣለት ዓርብ መጥቶ እንደሚወስዳት፣ በዋዜማው ደግሞ ይዟት ተመልሶ ራሱ ይግዛው እንዲላጨው ለመነው። በዚያች ምላጭ ከአባቱ ሌላ ተላጭቶባት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚያች ሰዓት ቤቱ ሙሉ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ታደለ ነው፤ የሰፈሩ በቅሎ ጫኞች ተራ የሚጠብቁበትን ስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው። አግዳሚው ላይ ባርናባስ የሚባል ወጣት አስጎብኚ፣ ከእሱ አጠገብ አንድ ሽማግሌና ሁለት ገበያተኞች ነበሩ። ይግዛው ምላጯን ይዞ ወደ በሩ ወጣ አለና እጀታዋን ለፀሐይ ሰጣት። የማር ቀለም፣ ጥቁር ጭረት፣ ልስልስ ያለች። ስታምር!

«ፕላስቲክ እንዳይሆን ብቻ» አለ ባርናባስ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ። ሎጅ ሱቅ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ አይቶ ኢሚቴሽን ነው እንዳሉት ነገራቸው።

ይህ ቃል ይግዛውን ወጋው። ትናንት ጢም ያበቀለ ልጅ በምላጭ ነገር ሊያርመው ነው። መርፌው መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ምድጃውም አጠገቡ ነበር፤ ነገሩን ለማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን በዚያ ልጅ ፊት መርፌ ማጋል መጠራጠር መሰለው። «ቀንድ ነው» አለ። ሽማግሌው የበሬ ይሆን ብለው ጠየቁት። የበሬ ነው ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ታሪክ አይነገርም ነበር። ይግዛው ግን እጀታዋን አንዴ ገልበጥ አደረጋትና ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«የበሬ ቀንድ እንዲህ አይጠራም። ይህ የዋልያ ነው።»

ለክፋት አልነበረም። እንዲያውም ለማወደስ ነበር። በድሮ ዘመን የዋልያ ቀንድ ዋንጫ የሚቀዳው ለትልቅ ሰው ነውና ይግዛው የታገኘን አባት ከፍ ያደረጋቸው መስሎት ነበር። ታገኘ ግን ፊቱ ተለወጠ። አባቱ ቀንድ ነው ይሉ እንደነበር፣ የምን እንደሆነ ግን ተናግረው እንደማያውቁ ቀስ ብሎ ተናገረና ወጣ። ታደለም በመስታወቱ ውስጥ እስኪርቅ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ደባርቅ ላይ ግን ዋልያ ማለት እንጀራ ነው። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እሱን ለማየት ነው፤ ባለ በቅሎውም፣ ባለ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም የሚበላው በእሱ ነው። ዋልያ የገደለ ሰው ሕግ ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም አይምረውም። በጊች ሰው ላይ ደግሞ ከድሮም የማይነገር ጥርጣሬ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የይግዛው ቃል ገበያው ሳይበተን አፋፉን አልፋ ሄዳለች።

በማግስቱ ጠዋት ይግዛው ብቻውን ነበር። የምላጯን ስለት አወጣና፣ በእጀታዋ መጋጠሚያ የተጋገረውን የብዙ ዓመት እድፍ ለማስለቀቅ ከማንቆርቆሪያው ፍል ውኃ አፈሰሰባት። እንፋሎቱ ወደ ፊቱ መጣ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። የጉንፋን ቅባት። መርፌውን አግሎ በውስጥ በኩል ነካ አደረጋት፤ መርፌው ሰተት ብሎ ገባ፤ ያው ሽታ ወጣ። የፀጉር ሽታ የለም፤ የቀንድ ሽታ የለም። የታገኘ አባት ምላጭ እጀታ የዋልያም የበሬም አልነበረም፤ ፕላስቲክ ነበር።

ሮጦ ሄዶ ታገኘን መጥራት፣ ታደለንም ማስጠንቀቅ ይችል ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ግን ታገኘን አይደለም፤ የባርናባስን ሳቅ ነው። ልጁ በየሎጁ እየዞረ «አያ ይግዛው ፕላስቲክ ዋልያ አድርገው» ብሎ ሲያወራ ታየው። አንዲት ቃል ማንን ትጎዳለች ብሎ ራሱን አጽናና። ሰው ነገር ይረሳል አለ። እጀታዋን ዘይት ቀብቶ ሽታዋን አጠፋ።

ዓርብ ታገኘ መጣ። ይግዛው የድካም ዋጋውን አልቀበልም አለው፤ ታገኘም ከደግነት ቆጠረው። ምላጯን ተቀብሎ ግን ወዲያው አልሄደም። የዋልያ መሆኗን እርግጠኛ እንደሆነ ጠየቀው። ይህን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ይግዛው ግን በመሳያው ቆዳ ላይ የሌላ ሰው ምላጭ እያፋተገ «አባትህ ጥሩ ዕቃ ትተውልሃል» ብሎ መለሰለት። ውሸት ተናገረ እንዳይባል ነው እንጂ፣ ከዚህ የባሰ ውሸት የት ይገኛል?

ከዐሥር ቀን በኋላ ታደለ ሊላጭ መጣ። ይግዛው አረፋውን ቀብቶ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፍ ታደለ ቀና ብሎ ወሬውን ጀመረ። ታገኘን ጫኞቹ ከተራ አውጥተውታል። ክፉ ሰው ነው ብለው አይደለም፤ ጉዳዩ እስኪጠራ ቤቱ ይቀመጥ ብለውት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዋልያ ከሚገድል ቤት ነው ከተባለ ሁሉም ፓርኩ በር ላይ ይመለሳሉ። ታገኘ ምላጯ ከአሥመራ የመጣች ናት ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ አሥመራ ላይ ዋልያ ስለሌለ አባቱ እጀታዋን እዚሁ ጊች ላይ ቀይረዋታል ማለት ነው ብለው መልሰውለታል።

«እርስዎ ባይነግሩን ማን ያውቅ ነበር» አለ ታደለ ከልቡ እያመሰገነ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለን ጠብቀናል።»

ይግዛው በዚያች ሰዓት አፉን ከፍቶ ነበር። ምላስ ላይ የደረሰው ቃል ግን ተመልሶ ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዐሥር ቀን አልፏል። በማግስቱ ቢናገር ኖሮ ስሕተት ነበር። ዛሬ ከተናገረ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ይጠየቃል። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲቆምበት ታደለ ይግዛውን ደክሞት እንደሆነ ጠየቀው። ይግዛው አዎ አለ።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ታገኘን ጠበቀ። ሊላጭ ይመጣል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ይነግረዋል፤ እንዲህ ሲል ቆርጦ ነበር። ታገኘ አልመጣም። ይግዛው በሩን ሲዘጋ ቀለል አለው፤ ቀለል ስላለውም አፈረ።

በማግስቱ ከእየሩስ ጋር ወደ ሙት ዓመቱ ሄዱ። ዳሱ ለሁለት መቶ ሰው የተጣለ ነው፤ የመጣው አርባ አይሞላም። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ አበባየሁ ለብዙ ሰው ያዘጋጀችውን ጠላ ለጥቂት ሰው ደጋግማ ቀዳች። የባዶ አግዳሚ ብዛት ያሳፍር ነበር። ሰው የቀረው ሟቹን ጠልቶ አልነበረም፤ ከዋልያ ገዳይ ቤት ታየ እንዳይባል ፈርቶ ነው። ታገኘ ያው ጢሙ እንደጎፈረ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ እጅ እየነሣ ያስገባል። ይግዛው ለምን እንዳልተላጨ አልጠየቀውም። በላ፤ ጠጣ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወጣ። ታገኘ በዓይኑ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ከዚያ በኋላ ይግዛው ሰው አልሆነም። ፍል ውኃ ሲፈስስ ያ ሽታ ይመጣበታል። አንድ ሰው እጀታ ይዞ ሲመጣ የምን እንደሆነ ሳይናገር ስለቱን ብቻ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ሰዎቹም ምን ነካው ይላሉ። እየሩስ አሞህ ነው ወይ ስትለው ጨጓራ ነው ይላታል። የታገኘ በቅሎ ያለ ጭነት በሰፈሩ ስትዞር ባያት ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር፤ ምክንያቱን ለማንም መናገር አልቻለም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳባት ወረደ። የተወለደው እዚያ ነው፤ የነፍስ አባቱ አባ ሰይፈ ሥላሴም እዚያ ናቸው።

አባ ሰይፈ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አዳመጡት። ዓይናቸው ስለደከመ ወደ እሱ አላዩም፤ ይህ ይግዛውን ረዳው። ሁሉንም ነገራቸው። ሲጨርስም ቀኖና እንዲሰጡት ጠየቀ፤ ስግደትም ጾምም ቢሆን፣ የፈለጉትን ያህል እንዲያበዙበት። ሊሸሽበት የፈለገውን መንገድ ሽማግሌው ወዲያው አዩት።

«ስግደቱን እሰጥሃለሁ» አሉት። «ስግደቱ ግን ላንተ ነው፤ ታገኘ ከስግደትህ ምን ያገኛል? በሰው ፊት በአፍህ ያሰርኸውን በሰው ፊት በአፍህ ፍታው። ያን ጊዜ ተመልሰህ ና፤ እፈታሃለሁ።»

ይግዛው ለታገኘ ብቻ በስውር ቢነግረው ይበቃ እንደሆነ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ነበር። አፈረና ተወው። ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ሳይከፍት የጊች ሰዎች ወደ ሰፈሩበት የከተማው ዳርቻ ሄደ። አበባየሁ ደጃፏ ላይ ገብስ ታበጥራለች፤ እንደ ደንቡ ተነሥታ በርጩማ አመጣችለት፤ ደኅና አደሩ ወይ አለችው። ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ገባች። ታገኘ በቅሎዪቱን ውኃ አጠጥቶ ሲመለስ ይግዛው ሳይቀመጥ ጠበቀው። ቃሉን መንገድ ላይ ሲያጠና ነበር የመጣው፤ ምላጯን ይዘው ወደ ታደለ አብረው እንዲሄዱ ሊለምነው፣ በሁሉም ፊት ፍል ውኃ አፍስሶ እንዲያሸቷት ሊያደርግ ነው።

«ታገኘ፣ ያች እጀታ የዋልያ አይደለችም» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ታገኘ።

ይግዛው ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ታገኘ የበቅሎዋን ገመድ ካሰረ በኋላ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነገረው።

«እነታደለ ቤት ተቀመጥ ያሉኝ ዕለት፣ አበባየሁ ይህ ነገር ከቤታችን ካልወጣ ሊፈትሹን ይመጣሉ አለችኝ። ምላጯን ምድጃ ውስጥ ጨመርኋት። ቀንድ እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ፤ የበግ ራስ ስንለበልብ ነው ያደግነው። ይኮማተራል፣ ያራል፣ ቤቱን ያገማዋል። ያች ግን እንደ ክብሪት ቦግ አለች። ወዲያው አለቀች። ያን ጊዜ አወቅሁ። ብረቷን ከአመዱ አወጣኋት፤ ጠቁራለች።»

ይግዛው እሳት የገባ ምላጭ ዳግመኛ ስለት እንደማይዝ ያውቃል። ታገኘ ለምን እንዳልተላጨ ያወቀውም ይህን ጊዜ ነው።

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?» አለው።

«እርስዎ የምላጭ ሰው ነዎት» አለ ታገኘ። «እኔ በአንድ አፍታ እሳት ያወቅሁትን እርስዎ ሳያውቁት ይቀራሉ ብዬ አላመንሁም። ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ለአባቴ ሙት ዓመት ሲመጡ ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ በሰው ፊት ሊናገሩልኝ ነው አልሁ። በልተው ሄዱ።»

ይግዛው ይቅርታ አድርግልኝ አለ። ታገኘ እግዜር ይቅር ይበለን ብሎ መለሰ፤ ሌላ አልጨመረም። ወደ ታደለ አብሮት እንዲሄድ ሲለምነው ግን እንቢ አለ። ስለ ራሱ ብዙ ተናግሮ የሰማው እንደሌለ፣ አሁን የሚናገረው እሱ ሳይሆን ይግዛው እንደሆነ ነገረው። አበባየሁም ከውስጥ አልወጣችም።

ረቡዕ የገበያ ቀን ሆነ። ይግዛው ያን ቀን የመረጠው ዋልያ ነው ባለ ቀን የነበሩት ሰዎች እንዲኖሩ ነው። ታደለ ወንበሩ ላይ፣ ባርናባስ አግዳሚው ላይ፣ ያ ሽማግሌም አጠገቡ ነበሩ፤ ከእነሱ ሌላ አራት ሰው ተራ ይጠብቃል። የታደለን ግማሽ ፊት ላጭቶ እንደጨረሰ ምላጩን አስቀመጠና ወደ ሰዎቹ ዞረ። ስለ ታገኘ አባት ምላጭ የተናገረው ስሕተት እንደሆነ፣ እጀታዋ ፕላስቲክ እንደነበረች ተናገረ። ባርናባስ ይስቃል ብሎ ጠበቀ። ባርናባስ አልሳቀም። ሁሉም በአዘኔታ አዩት።

«እግዚአብሔር ይስጥዎ» አለ ታደለ። «ለድኻ አዝነው ነው። ግን እርስዎ በእጀታ ተሳስተው አያውቁም፤ ይህን ማን ያጣዋል?»

ሽማግሌውም የይግዛውን ደግነት አመሰገኑ። ሠላሳ ዓመት አላውቅም ሳይል የገነባው ስም እነሆ ፍሬውን ሰጠው፤ ተሳሳትሁ ሲል የሚያምነው ጠፋ። ባርናባስ ምላጯ ትምጣና ትታይ አለ። ይግዛው እንደተቃጠለች ነገራቸው። ይህን ሲሰሙ ተያዩ። ጥፋት የሌለበት ሰው የአባቱን ምላጭ ለምን ያቃጥላል? ጥያቄውን የጠየቀው አንዱ ተራ ጠባቂ ነው፤ የሌሎቹም ፊት ጠየቀው። ታገኘን ሊያወጣው ብሎ ከነበረበት ጉድጓድ ወደ ባሰው እንደጨመረው ይግዛው አየ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስሕተቱን ሊያምኑት ያልቻሉ ሰዎች ሌላውን ያምኑ ነበር፤ ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ላይ ፈጥሮ አይናገርምና። ሊነግራቸው የማይፈልገው፣ ለአባ ሰይፈ ሥላሴ እንኳ ሲናገር ድምፁ የደከመበት ነገር ይህ ነው።

«ስሙኝ» አለ። «ያን ዕለት መርፌ አላጋልሁም፤ አላሸተትሁም። ይህ ልጅ ፕላስቲክ ነው ስላለኝ እልህ ይዞኝ ነው ዋልያ ያልሁ። በማግስቱ ፍል ውኃ ሳፈስባት ሸተተኝና አወቅሁ። ዓርብ ታገኘ ሲጠይቀኝ አውቅ ነበር። አንተ ታደለ፣ ተራውን ያዝንበት ብለህ ስታመሰግነኝ አውቅ ነበር። የአባቱን ሙት ዓመት ጠላ ስጠጣ አውቅ ነበር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከይግዛው ላይ አንሥተው መሬት መሬት ያያሉ። ታደለ ግማሽ ጉንጩ ላይ አረፋ እንዳለበት ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ያች ስለ እውነትና ንጋት ለምስጋና የተናገራት ቃል ሳትመጣበት አልቀረችም።

«በማግስቱ?» አለ።

«በማግስቱ» አለ ይግዛው።

ታደለ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ፎጣ ራሱ ፈታ። አረፋውን በእሱ ጠረገና ፎጣውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ወጣ። ከደጅ በቅሎ ከያዙት ሰዎች አንዱን ጠርቶ፣ ታገኘ ቤት ሄዶ የነገው ተራ የእሱ መሆኑን እንዲነግረው፣ ማታም ራሱ ታደለ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቀው እንደሚመጣ ሲያዝ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ይግዛው ምላጩን ጠርጎ አጠፈው። ወደ አግዳሚው ዞሮ ተረኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ስድስት ሰው ተቀምጦ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነሣም።